የሁለት ቤት ቆጣሪ

ድምፅ ማጉያ የጫነችው መኪና በሰፈራችን ያለፈችው ቅዳሜ ጠዋት፣ እኔ ልብስ ሳሰጣ ነው። አሮጌ ቆጣሪ ያላችሁ ሁሉ በካርድ ቆጣሪ ሊቀየርላችሁ ስለሆነ፣ ሠራተኞች በየቤቱ ሲዞሩ በር ዘግታችሁ እንዳትሄዱ፣ ትላለች። ደጋግማ አለችው። ጤነኛ ሰው እንዲህ ያለ ወሬ ሲሰማ ደስ ይለዋል፤ አሮጌው ሄዶ አዲስ ሊመጣ ነው፣ ያውም ቤት ድረስ። እኔ ግን እርጥቡን አንሶላ እንደጨበጥኩ ዓይኔ ወደ አጥሩ ሄደ። ከበረንዳችን ተነስቶ፣ የድንጋዩን ካብ ተሻግሮ፣ ጎረቤት ጣራ ሥር የሚገባው ጥቁር ገመድ እንደ ወትሮው ረግቦ ተንጠልጥሏል። ከዚያ ጠዋት ጀምሮ ሳምንቱን ሙሉ በቅጡ የተቀመጥኩበትን ጊዜ አላስታውስም።

ገመዱ በዕድሜ ከእኔ ብዙ አያንስም። አባቴ መብራት ሲያስገባ፣ ከዋናው መንገድ እስከ ቤታችን ሽቦውን የሚሸከም ምሰሶ አምጣ ተባለ። እኛ አንድም ዛፍ አልነበረንም። የጎረቤታችን ባል ከጓሮው ባሕር ዛፍ ቆረጠ፣ ላጠ፣ ጉድጓዱንም ከአባቴ ጋር ሆኖ ቆፈረ። ምሰሶው የእነሱ፣ ቆጣሪው የእኛ ሆነ ማለት ነው። አባቴም በዚያው ሰሞን አንድ ገመድ በካቡ ላይ አሻገረላቸው። ውል የለም፣ ምስክር የለም፤ ሁለት ጎረቤታሞች ተስማሙ፣ አለቀ። በየወሩ ድርሻቸውን ያቀብላሉ፣ አንዳንዴም የአሊዩ አምባ በርበሬ ይጨመርበታል፤ ማን ምን ያህል እንዳበራ ግን የጠየቀ ሰው አላውቅም። አሁን ሁለቱም ባሎች በሕይወት የሉም። ቆጣሪውን የሚጋሩት እናቴና ጎረቤታችን ናቸው።

ጎረቤታችንን እትዬ እላታለሁ። ከአሊዩ አምባ በሙሽርነት ወጥታ ደብረ ብርሃን ብርድ ውስጥ ያረጀች ሴት ናት። ባሏ ከሞተ በኋላ ጫጩት ማሳደግ ጀመረች። የአንድ ቀን ጫጩት በካርቶን ይመጣላታል፣ የጓሮዋን ክፍል ሰጋቱራ አልብሳ ከአምፖል ሥር ታስቀምጣቸዋለች፣ ላባ አውጥተው ብርድ ሲችሉ ትሸጣቸዋለች። በፋሲካ የእኛ ሰፈር ድስት ውስጥ ከሚገባው ዶሮ ስንቱ በእሷ እጅ እንዳደገ እሷም አታውቀው። እኛ ጋ ጫጩት ያለ አምፖል አያድግም። በተለይ ከጥቅምት ወዲያ፣ ሣሩ ውርጭ ለብሶ በሚያድርበት ጊዜ፣ አምፖሉ ጠፍቶ ከቆየ ጫጩቶቹ ሙቀት ፍለጋ አንዱ በአንዱ ላይ ይቆለሉና ከሥር ያሉት ታፍነው ይሞታሉ። ቤቱ በባሏ ወንድሞች መሐል ክርክር ያለበት ስለሆነ የራሷን ቆጣሪ ማስገባት አልሆነላትም። ስለዚህ እንጀራዋ በዚያ ገመድ ላይ የተንጠለጠለ ነው።

ለእናቴ ደግሞ ከዚያም ይብሳል። እናቴ ጉልበቷን ከታመመች ወዲህ ከግቢ አትወጣም። እኔ ጠዋት ቢሮ ገብቼ ማታ ነው የምመለሰው፤ በመሐል ያለውን ቀን የምትሞላላት እትዬ ናት። ጫጩቶቿን ካየች በኋላ ትመጣለች፣ በረንዳ ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ፣ ምስር ይለቅማሉ፣ በሕይወት ያለውን ሰው ያማሉ፣ የሞተውን ያመሰግናሉ። አሊዩ አምባ ያለችው የእትዬ ልጅ ግን በየጊዜው ትደውላለች። ወደ ቆላው ውረጅ፣ እዚህ ፀሐይ አለ፣ እዚህ ዶሮ ያለ አምፖል ያድጋል፣ ምን ቀርቶብሽ ነው እዚያ በብርድ የምትገረፊው ትላታለች። እትዬ ስቃ ታልፈዋለች። እናቴ ግን ያ ስልክ በተደወለ ቁጥር ፊቷ ይለዋወጣል። ገመዱ ከተቆረጠ አምፖል የለም፣ አምፖል ከሌለ ጫጩት የለም፣ ጫጩት ከሌለ እትዬ እዚህ የምትቆይበት ምክንያት የለም። ይህን እኔም አውቃለሁ፣ እናቴም ታውቃለች፤ ቃል አውጥተን ተነጋግረንበት ግን አናውቅም ነበር።

ፍርሃታችን ይኸው ነው። ከአንድ ቆጣሪ ለሌላ ቤት መስመር መስጠት ክልክል ነው ሲባል እንሰማለን። ሠራተኞቹ መጥተው ገመዱን ካዩ ይቆርጡታል፤ ምናልባትም አዲሱን ቆጣሪ ይከለክሉናል። ሄደን የጠየቅነው ሰው የለም። እንደ ብዙው ነገራችን ከሰው አፍ ሰምተን ፈራን።

ልብሱን እንደ ነገሩ አንጠልጥዬ ወደ ቤት ገባሁ። እናቴም ሰምታለች። ለእትዬ ዛሬውኑ እንንገራት አልኳት። ከሰል ታዘጋጅ፣ ሠራተኞቹ በሚመጡበት ሰዓት ገመዱን አብረን እናንሳው፣ ሲሄዱ አብረን እንመልሰው። እናቴ መቀነቷን ፈትታ እንደገና አሰረች።

«ምን ብዬ ነው የምነግራት?» አለችኝ።

«ቆጣሪ ሊቀየር ነው ብለሽ ነዋ።»

«ገመድሽን አንሺልኝ ያልኳት ነው የሚመስላት። ሰው ሰውን የሚያባርረው እንዲህ አስታኮ አይደል?»

መቼም እኔ ሆዬ ነገር ሆዴ ውስጥ አያድርም። እንግዲያው እኔ እነግራታለሁ ብዬ ወደ በሩ ስነሳ ከኋላዬ ጠራችኝ። በአባትሽ አጥንት ይዤሻለሁ፣ ስለ ቆጣሪው አንድ ቃል ከአፍሽ እንዳይወጣ አለችኝ። ገዘተችኝ። ዕድሜዬ አርባን ያለፈ ሴት ነኝ፣ ቢሮ ውስጥ ሰው አዛለሁ፤ በአባቴ አጥንት ስትይዘኝ ግን ልክ በልጅነቴ እንደማደርገው በሩ ላይ ተገትሬ ቀረሁ። ዝም አይነቅዝም አለች ደግሞ፣ ነገሩን ስትዘጋው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ብዬ መለስኩላት።

ይሉኝታ የሌለው ሰው ባለጌ ነው እየተባልኩ ነው ያደግሁት፤ እውነትም ነው። እኛ ጋ ግን ልኩን አልፏል። እናቴ ሰው ቤት ሄዳ ውኃ ቢጠማት አልጠማኝም ትላለች፤ እትዬም ያው ናት። ሁለቱ ሲገባበዙ ማየት ያደክማል፤ አንዷ እንቺ ስትል ሌላዋ ጠግቤያለሁ ስትል ምግቡ ቀዝቅዞ ይነሳል። አንዷ ከሌላዋ አንዳች ነገር ስትጠይቅ፣ አንዷ በሌላዋ ስትቆጣ ሰምቼ አላውቅም። ይህን ያህል ዘመን ሳይጣሉ መኖራቸውን ለሰው ስናገር ኩራት ይሰማኝ ነበር። ያን ሳምንት ግን አናደደኝ። ሁለት አሮጊቶች በአንድ ገመድ ታስረው፣ ስለ ገመዱ ለመናገር ይፈራሉ።

ይባስ ብሎ ጫጩቶቹ አዲስ ነበሩ። መኪናዋ ከመለፍለፏ ጥቂት ቀን ቀደም ብሎ ነው በካርቶን የመጡት። ላባ የላቸውም፣ ቢጫ ጥጥ ነገር ናቸው፤ ድምፃቸው ካቡን አልፎ መኝታ ቤቴ ድረስ ይሰማል። ሌላ ጊዜ ይኼን ድምፅ እወደው ነበር። አሁን እያንዳንዱ ጩኸት እኔን የሚጠራኝ ይመስለኝ ጀመር።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ መንገዴን ወደ እትዬ ቤት አዞርኩ። የተገዘትኩት ስለ ቆጣሪ እንዳልናገር ነው፣ ስለ ከሰል ማንም አልገዘተኝም ብዬ ራሴን አታለልኩ። ጫጩቶቹ መሐል ቁጢጥ ብላ ውኃ ስትቀይርላቸው አገኘኋት። ከሰል አለሽ ወይ እትዬ፣ ብዬ ጠየቅኋት፤ ለምን ጠየቅሽኝ አለች። ሰሞኑን መብራት ሊጠፋ ይችላል ሲባል ሰምቼ ነው አልኩ። ማን ነው የሚለው አለችኝ። ሰዎች ናቸው አልኩ። አንዲት ጫጩት መዳፏ ላይ አስቀምጣ ረጅም ጊዜ አየችኝ፤ ምላሴ ጫፍ ላይ የደረሰውን ነገር አፌን ከፍታ የምታወጣው መሰለኝ። ከዚያ ሰው ብዙ ይላል ልጄ አለችና ጫጩቷን ወደ ጓደኞቿ መለሰቻት። ላብ በላብ ሆኜ ወጣሁ።

ስለዚህ እናቴ የፈለገችው ሆነ፤ እትዬ ሳታውቅ በዘዴ ልንወጣው። ቆጣሪያችን በረንዳው ላይ፣ አባቴ ባሠራው የእንጨት ሣጥን ውስጥ ነበር። መስታወቱ ደብዝዟል፣ ውስጡ ያለችው ክብ ብረት ቀንም ሌሊትም ትዞራለች፤ የእትዬ አምፖሎች ሲበሩ ትፈጥናለች። የእሷ ገመድ የሚነሳው ከሣጥኑ ሥር ካለው ዋና ማጥፊያ ነው። ቢሮአችን ውስጥ መብራት የሚጠግነውን ሰው የሌላ ሰው ጉዳይ አስመስዬ ጠየቅሁት። መጀመሪያ ዋናውን አጥፊ፣ ከዚያ ብሎኗን አላልተሽ ገመዱን ሳቢው፣ ሕፃንም ይሠራዋል አለኝ። ሠራተኞቹ ከእኛ መንገድ ሲደርሱ እናቴ ልትደውልልኝ፣ እኔ በባጃጅ ደርሼ ገመዱን ልነቅል፣ ሲሄዱ መልሼ ልሰካ ተስማማን። እትዬ ለአፍታ መብራት ጠፋ ብላ ታስባለች፤ መቼም መብራት መጥፋቱ አዲስ ነገር አይደለም።

ከዚያ መጠበቅ መጣ። እኔ ደግሞ መጠበቅ አልችልበትም። ሰኞ ከታች ሰፈር ጀምረዋል ተባለ። ማክሰኞ መሰላል የጫነች መኪና በቢሮአችን በር ስታልፍ አይቼ ከወንበሬ ተነሳሁ፤ ወደ ሌላ አቅጣጫ ታጠፈች። ስልኬን እጄ ላይ ይዤ ነው የምሠራው። የስብሰባ ደብዳቤ ሳረቅቅ በቀኑ ቦታ ላይ «ቆጣሪ» ብዬ ጽፌ አለቃዬ አሳየኝ፤ ቤት የታመመ ሰው አለ ወይ ብሎም ጠየቀኝ። የእናቴ ጉልበት ነው አልኩ። ማታ ቤት ስገባ ከበረንዳ ወደ ጓዳ፣ ከጓዳ ወደ በረንዳ እላለሁ። እናቴ ተቀመጪ፣ አዞርሽኝ ትለኛለች። አንቺ ባትገዝቺኝ ኖሮ እቀመጥ ነበር እላታለሁ። ረቡዕ ሳይመጡ ዋለ። መምጣታቸውን እየፈራሁ ባለመምጣታቸው ተናደድኩ። የእትዬ የጓሮ መስኮት በካቡ በላይ ቢጫ ሆኖ ሲታየኝ፣ ይህ ሁሉ ጭንቅ ለእኛ ብቻ መሆኑ፣ እሷ ምንም ሳታውቅ ጫጩቶቿን እያየች መተኛቷ አበሸቀኝ። አልዋሽም፣ ለአንድ አፍታ ገመዱን ጠላሁት።

ሐሙስ ረፋዱ ላይ አለቃዬ አስፈርሚ ብሎ ወረቀት ሰጥቶኝ ላይኛው ፎቅ ወጣሁ። ስልኬን ጠረጴዛዬ ላይ ረሳሁት። ሳምንቱን ሙሉ ከእጄ ያልለየሁትን ስልክ፣ በዚያች ሰዓት። ስመለስ እናቴ ደጋግማ ደውላለች። መልሼ ስደውልላት በሹክሹክታ ነው ያነሳችው።

«ነቀልኩት» አለችኝ።

በምን እጅሽ አልኳት፤ ማጥፊያውን አጥፍቼ፣ እጄን በነጠላዬ ጠቅልዬ ሳብኩት አለች። ሠራተኞቹ ፊት ለፊታችን ካለው ቤት መሰላላቸውን አንስተው ወደ እኛ በር ሲዞሩ አየች። እኔ አላነሳም። ጉልበቷ እያመማት ተነስታ፣ ያን ሁሉ ዘመን እዚያ የኖረ ገመድ ባለ በሌለ ኃይሏ ሳበችው፤ ብሎኗ በዕድሜ ብዛት ላልታ ስለነበር ከነሥሩ ወጣላት። ገመዱስ የት አለ ብዬ ጠየቅሁ። እማዬ፣ ገመዱ የት ነው አልኳት ደግሜ። የምደብቅበት ሳጣ በካቡ አሻግሬ ጣልኩት አለችኝ።

ባጃጁ ውስጥ ያሰብኩት አንድ ነገር ብቻ ነው። እናቴ ገመዱን የደበቀች መስሏታል። ከካቡ ወዲያ ላለ ሰው ግን መብራቱ ድንገት ይጠፋል፤ ምን ሆነ ብሎ ሲወጣ የገመዱ ጫፍ ግቢው ውስጥ ተወርውሮ ያገኛል። የላከው ሰው የለም፣ የተባለ ቃል የለም። እኔ እንዲህ ቢደረግብኝ ምን እንደማስብ አውቃለሁ።

ስደርስ አሮጌው ቆጣሪ ከሣጥኑ ወጥቶ በረንዳው ወለል ላይ ተቀምጧል። ሁለት ሠራተኞች አዲሱን ቆጣሪ ይዘው ቆመዋል። ትሑቶች ናቸው። የያዙት ሽቦ አጥሮአቸዋል፤ ከመጋዘን አምጥተው ከምሳ በኋላ እንደሚመለሱ ነገሩኝ፤ ያኔ ይገጥሙታል። ታላቅየው የተነቀለውን ብሎን ቦታ አየ፣ ገመዱ በግድግዳው ላይ የተወውን ጥቁር መስመር በዓይኑ ተከትሎ እስከ ካቡ አየ፣ ከዚያ ሰዓቱን አየ። ምንም አልጠየቀም። ለካ ሳምንቱን ሙሉ ስንፈራው የሰነበትነው ሰው ስንት ቤት የሚጠብቀው ችኩል ሰው ኖሯል። ቢጠየቅ ምን ይል እንደነበር እስከ ዛሬ አላወቅሁም።

እናቴ ጥግ ላይ ተቀምጣ እጆቿን ጭኗ ላይ አጣምራለች። ሄደሽ አየሻት ወይ አልኳት። ሰዎቹ እስኪሄዱ ብዬ ነው አለች። ከጠዋት ጀምሮ እትዬ አልመጣችም፣ ድምፅም አላሰማችም። ነፋሱ ከጣርማ በር በኩል የሚመጣው ዓይነት ነው፣ ፀሐይ እያለ አጥንት የሚገባው። ሌላ ነገር ሳልናገር ወጥቼ በመንገዱ ዞሬ ሄድኩ።

ገመዱ የእትዬ ጎመን መደብ ላይ ወድቋል። ጥቂት ቅጠሎች ሰብሯል። አልነካችውም። ከጓሮው ክፍል በር ሥር የከሰል ሽታ ይወጣል፤ ስከፍተው በማንደጃ ከሰል አያይዛ፣ ሙቅ ውኃ የሞላባቸውን ጀሪካኖች በልብስ ጠቅልላ በየጥጉ አስቀምጣለች። ጫጩቶቹ ግን ጀሪካኑን ትተው አንድ ጥግ ላይ ተቆልለዋል። እትዬ በጉልበቷ ተንበርክካ ክምሩን በሁለት እጇ ትበትናለች፤ ተመልሰው ይከመራሉ፤ ደግማ ትበትናለች። የሞቱት አንድ ማዳበሪያ ላይ ተደርድረዋል። ጭሱ እንዳይጎዳት መስኮቱን ገርበብ አደረግሁና አጠገቧ ተንበርክኬ መበተን ጀመርኩ። ሥራው ፋታ አይሰጥም። ከእጅ የሚያመልጥ ነገር ነው፤ ከላይ ያሉትን ስታነሳ ከሥር አንዷ አንገቷን ጥላ ታገኛታለህ። እትዬ የተናገረችው እጇን ሳታቆም፣ እኔን ሳታይ ነው።

መኪናዋ በእሷ በር ነበር ቀድማ ያለፈችው። ሁሉን ሰምታለች። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ እንዲሉ፣ ሁላችንም እያወቅን ሳምንቱን ሙሉ አላወቅንም ስንባባል ከርመናል። እናትሽ ዛሬ ትነግረኛለች፣ ነገ ትነግረኛለች እያልኩ ጠበቅሁ አለችኝ። በረንዳ ላይ ተቀምጠው ምስር ሲለቅሙ እንኳ ሆን ብላ ዝም ትል ነበር፤ ለእናቴ ቦታ ለመልቀቅ። እኔ የከሰል ወሬ ይዤ ስመጣ፣ መገዘቴን ከፊቴ አንብባዋለች። ገዝታኝ ነው እትዬ፣ ቅር ትሰኝብናለች ብላ ፈርታ ነው አልኳት። አንዲት ጫጩት አንስታ ትንፋሿን እፍ እያለችባት ቆየች።

«ብትነግሩኝ ቤተሰብ ነበርኩ» አለች። «ዝም የሚባለው ለእንግዳ ነው ልጄ። ወላሂ፣ የገመዱ መነቀል አይደለም። ይህን ሁሉ ዘመን እንግዳ ሆኜ መኖሬን ነው ዛሬ ያወቅሁት።»

በሚቀጥለው ገበያ ቀን ወደ አሊዩ አምባ እንደምትወርድ ነገረችኝ። ለልጇ ደውላላታለች። የተረፉትን ጫጩቶች ካርቶን ውስጥ አድርጋ ትወስዳቸዋለች፤ እዚያ ፀሐይ ያሳድጋቸዋል። ቁጣ አልነበረባትም፤ ቢኖርባት ይሻለኝ ነበር። አለቀስኩ። እሷ ግን አታልቅሺ፣ በትኚ፣ በዚያ በኩል እየተከመሩ ነው አለችኝ።

ከሰሉ ተቀጣጥሎ ክፍሉ ትንሽ ሞቅ ሲል ወደ ቤት ተመለስኩ። ሠራተኞቹ ተመልሰው መጥተው ሥራቸውን ጨርሰዋል። አዲሱ ቆጣሪ ትንሽ ቀይ መብራት ብልጭ ድርግም ያደርጋል። ቤታችን ውስጥ ጠዋት ያልጠፋው አምፖል በጠራራ ፀሐይ በርቷል። እናቴ ከተቀመጠችበት አልተነሳችም። ያን ቀን የተናገርኩትን ሁሉ መጻፍ አልፈልግም፤ ቁጣዬ አንደበቴን ሲቀድመው አይቶ የሚያውቅ ሰው ይገምተው። ገመዱን አልደበቅሽውም፣ ፊቷ ላይ ነው የወረወርሽው አልኳት። ከዚያ ልትሄድ ነው አልኳት። የሰማችው ይህችን ብቻ ነው።

«ሞቱባት?» አለችኝ።

ሞተዋል አልኳት። ግድግዳውን ተደግፋ ተነሳች። በትሯን አቀበልኳት፣ ክንዷን ልይዛት ስል ገፋችኝ። ከበሩ ወጥታ፣ በመንገዱ ዳር በዳር፣ በየድንጋዩ እየቆመች ሄደች። ሰላምታ የሰጣት ሰው ሁሉ በመንገድ ላይ በማየቱ ተገርሞ ዞሮ ያያታል። እኔ ከኋላ እከተላለሁ፣ ብቀድማት እንዳትቆጣ፣ ብርቃት እንዳትወድቅ እየሰጋሁ።

እትዬ ስታያት ልትነሳ ሞከረች። እናቴ አትነሺ አለችና ከበሩ አጠገብ የተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀመጠች። እስትንፋሷ እስኪሰበሰብ ሁላችንም ጠበቅን። ይቅርታ ትጠይቃለች ብዬ ነበር። ቃሉንም በመንገድ ላይ ሳዘጋጅላት ነበር።

«ጫጩቶችሽ ይሸታሉ» አለቻት። «ክረምቱን ሙሉ በመስኮቴ ሲገባ ከረመ። ራሴን ያዞረኛል። አልነገርኩሽም።»

እትዬ እጇ ክምሩ ላይ እንዳለ ቀና አለች። ክፉ ነገር ተጀመረ ብዬ መሐላቸው ልገባ ነበር።

«የእናንተስ ውሻ?» አለች እትዬ። «ለሱብሂ ስነሳ ይጮህብኛል፣ ስሰግድ ይጮህብኛል። ስንት ዓመት? እኔስ ተናግሬሻለሁ?»

እናቴ ውሻው የእኔ መሆኑን ነገረቻት፤ ይቺ ናት ያመጣችው ብላ በትሯን ወደ እኔ ቀሰረች። እትዬ ደግሞ ይቺ ልጅሽ ማታ ማታ በስልክ ስትጮህ ሰፈሩ አይተኛም አለች። ከዚያ በዝናቡ ጊዜ ከእኛ ጣራ ወደ ግቢዋ የሚወርደው ውኃ ተነሳ፣ እትዬ ተውሳ ያልመለሰችው ሙቀጫ ተነሳ፣ አባቴ በሞተ ጊዜ እትዬ ከሰልስቱ በፊት ወደ አሊዩ አምባ ወርዳ መቆየቷ ተነሳ፤ ይኼኛውን ሲነጋገሩ ድምፃቸው ዝቅ አለ። ልጇ ምጥ ላይ ስለነበረች እንደሄደች እናቴ ያን ቀን ነው የሰማችው። እኔ ጫጩቶቹን እየበተንኩ፣ ልስቅ ይሁን ላለቅስ ሳላውቅ አዳምጣለሁ። ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃቸዋለሁ፤ እንዲህ ሲነጋገሩ የሰማሁት የመጀመሪያዬ ነው።

እናቴ የነጠላዋን ጫፍ ታፍተለትላለች።

«ፈርቼ ነው» አለች። «ስለ ገመዱ ካነሳሁብሽ ትሄጂብኛለሽ ብዬ። እኔ ቀኑን ከማን ጋር ላውለው? አትሂጂብኝ።»

እትዬ እሄዳለሁም፣ እቀራለሁም አላለችም። የጫጩቶቹን ውኃ ለክታ ጨመረች፣ ከሰሉን ቆሰቆሰች። ጠበቅሁ፤ ያን ሳምንት ከጠበቅሁት ሁሉ ይህቺ አፍታ ረዘመችብኝ። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ ያንን ገመድ ከጎመኔ ላይ አንሺልኝ፣ ሄደሽም ስኪው አለችኝ። እንደ ፌንጣ ዘልዬ ነው የተነሳሁት። በሩ ላይ ሳለሁ ለእናቴ ስትነግራት ሰማሁ።

«ይህ መሐለኛው አምፖል ከተቃጠለ ሰነበተ» አለቻት። «ሱቁ ሳይዘጋ ባለ መቶ ሻማውን ግዢልኝ።»

መንገዴ ነው፣ ገመዱን ሰክቼ አምፖሉንም እኔ ይዤ እመጣለሁ አልኩ። እናቴ በትሯን ተደግፋ ከባልዲው ላይ ተነስታለች፤ ጉልበቷ ሲንቀጠቀጥ አየሁት።

«እኔን ነው ያዘዘችኝ» አለችና ከፊቴ ወጣች።